ሽጉጡ በር ላይ ነበር

ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው ፈታሿ ናት። በፖሊስ መዝገብ ላይ ግን «የፋብሪካው ጥበቃ አገኘው» ተብሎ ተጻፈ። አሥር አለቃ የሚሉት ጥበቃ የደረሰው እሷ ጮኻ ጮኻ ድምጿ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ያውም ቀበቶውን እየታጠቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቆዳ ፋብሪካው በር ላይ ተቀምጣ የሴቱን ሁሉ ብብትና ወገብ ስትዳብስ የኖረች ሰው፣ ፊደል አልቆጠረችም ተብሎ ዓይን እንደሌላት ተቆጠረች። ዓይንና ፊደል ምን ዝምድና አላቸው? ፊደል የቆጠሩት በሙሉ የዚያን ዕለት በመጋዘኑ ደጃፍ አልፈው ሻያቸውን ጠጥተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሠራተኛው ለሻይ ሲወጣ ፈታሿ ወደ ጥሬ ቆዳው መጋዘን ሄደች። የእህቷ ልጅ እዚያ ቆዳ ላይ ጨው የምትነሰንስ ሠራተኛ ናት፤ ሰሞኑን እጇ ላይ ቁስል ወጥቶባት ስለነበር አክስቷ ቅባት ይዛላት ነበር። ልጅቷ የለችም። ከግድግዳው ማዶ ቆዳ የሚለፋባቸው ትልልቅ በርሜሎች ይሽከረከራሉ፤ እነሱ ሲሽከረከሩ እዚያ ቤት ውስጥ መድፍ ቢተኮስ የሚሰማ የለም። በስተኋላ፣ ከቆዳው ክምር ሥር፣ ጥራት ተቆጣጣሪው በግንባሩ ተደፍቷል። ነጭ ጋዋኑ ጀርባው ላይ ቀልቷል። የአንዱን ቆዳ ጫፍ ገልብጦ እንደያዘ ነው የሞተው፤ እጁ ላይ ደግሞ ጓንት አለ።

ያ ሰውዬ ጓንት አጥልቆ አያውቅም ነበር። «ጥራት በጣት እንጂ በላስቲክ አይለይም» እያለ በሌሎቹ ይቀልድ ነበር። ፈታሿ ይህን አየች። የሚጠይቃት ግን አልተገኘም።

ኢንስፔክተሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ሲናገር ጉሮሮውን የሚጠርግ ጎልማሳ ነው። ጠረጴዛውን በጥበቃ ቤቱ ውስጥ ዘረጋ። የጥበቃ ቤቱንና የሴቶች መፈተሻውን የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ወዲያ የሚያነጥሱት ወዲህ ይማርሽ ያስብላል። ፈታሿ ወንበሯን ወደ ኮምፔንሳቶው ሳብ አደረገችና ሹራቧን መሥራት ጀመረች። ማን አሮጊት ሹራብ ስትሠራ ይጠረጥራል?

«ዛሬ መሣሪያ ይዞ የገባ ሰው ነበር?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ይዞ የገባ የለም። ይዞ የመጣ ግን አንድ አለ» አለ አሥር አለቃ። «ቆዳ አቅራቢው። ሦስት ሰዓት ላይ መጣ፣ ሽጉጡን አስረከበ፣ ገባ። አራት ሰዓት ላይ ሲወጣ ወሰደ።»

«እንዴት ነው የምትረከቡት?»

«ከነአፎቱ። በዚህ የብረት ሣጥን ይገባል፣ እቆልፋለሁ፣ የናስ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ሲወጣ ቁጥሩን ይመልሳል፣ ሽጉጡን ይወስዳል። የሱ ቁጥር ሁልጊዜ ሦስት ነው።»

«ከአፎቱ አውጥተህ አታይም?»

«አይፈቀድም ጌታዬ። አንድ ጊዜ ጥይት ላራግፍ ስል ባረቀብኝ፤ ያውልዎ ቀዳዳው ጣሪያው ላይ። ከዚያ ወዲህ አፎቱ እንደተቆለፈ ይቀመጥ ተባለ።»

ቀጥሎ ባለፋብሪካው ገባ። ወፍራም ድምፅ አለው፤ ለፖሊስም ቢሆን አይቀንሰውም።

«ሰውየው ፈቃድ አለው፤ በኮቱ ሥር ደብቆ መንገድ ላይ ቢሄድ ማንም አይጠይቀውም። ይሄ ግን የግል ንብረት ነው። መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው ብዬ በሩ ላይ በትልቁ ጽፌአለሁ።»

«እሺ ብሎ ተቀበለ?»

«ምን እሺ ይላል? ስድስት ወር አንገቴን አነቀኝ። መንግሥት የፈቀደልኝን አንተ ማን ነህ የምትከለክለኝ እያለ። ጠበቃ ሁሉ ይዞ መጣ። የገዛ ጠበቃው ነው በኋላ፣ ባለቤቱ አትግባ ካለህ ፈቃድህ በሩን አይከፍትልህም፣ ግድ ልግባ ካልክም የምትጠየቀው አንተ ነህ ያለው። ይኸው ወር አይሞላውም፣ በግ ሆነ። እንደውም ዛሬ ሳንጠይቀው ነው አውጥቶ የሰጠው።»

የፈታሿ መርፌ ቆመ። ስድስት ወር ሲዋጋ የከረመ በሬ በአንድ ሌሊት በግ ሲሆን የሚያይ ሰው፣ በጉን ሳይሆን ቀንዱ የት እንደገባ ነው መጠየቅ ያለበት። ኢንስፔክተሩ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «ስለዚህ ግድያው ሲፈጸም የሱ ሽጉጥ እዚህ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር» ብሎ ጻፈ። ብዕሩ ወረቀቱን ሲቧጥጥ ተሰማት።

በመጨረሻ የእህቷ ልጅ ተጠራች።

«ዛሬ ጠዋት ከሟች ጋር ተጣልተሻል። ስምንት ሰው ሰምቷል።»

«አልተጣላሁም። እጄን ሲያይ ጮኸብኝ። ውጪ፣ ሁለተኛ ቆዳ እንዳትነኪ አለኝ። ሌሎቹንም ጨው አምጡ ብሎ ወደ ጓሮ ላካቸው። ማባረሩ ነው ብዬ አለቀስኩ።»

«ከዚያስ?»

«ሽንት ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ።»

«ማን አየሽ?»

«ሽንት ቤት ውስጥ ማን ያየኛል?»

«ባልሽ የባንክ ጥበቃ ነው። ሽጉጥ አለው።»

ከዚህ በኋላ ነው ኢንስፔክተሩ የመፈተሻውን መጋረጃ ገልጦ አንገቱን ያስገባው።

«እናቴ፣ ወንዶቹ በሙሉ ብረት በሚለይ የመፈተሻ ዘንግ ነው የሚያልፉት። ሴቶቹን ግን እርስዎ በእጅዎ ነው የሚፈትሹት። የእህትዎን ልጅ ዛሬ ፈትሸዋታል?»

«ሌላውን ሁለት ጊዜ ብዳብስ እሷን ሦስት ጊዜ ነው። ዘመዷን አሳለፈች እንዳልባል ነጠላ ጫማዋን ሳይቀር አስወልቃታለሁ።»

«ምስክር አለ?»

«ሴት ስትፈተሽ ምስክር ይቆማል እንዴ? ታዲያ መጋረጃው ለጌጥ ነው?»

«ዓይንዎንም ያምዎታል አሉ።»

«በዓይኔ አይደለም የምፈትሸው ልጄ። ይልቅ አንተ የምታይበትን ተጠቀምበት።»

አልሳቀም። ልጅቷን በካቴና አስሮ፣ ያቺን ያበጠች እጇን ሳይቀር አጣምሮ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ በበሩ አወጣት። ባለፋብሪካው ደግሞ ወደ ፈታሿ ዞሮ «ተጣርቶ እስኪያልቅ ነው የምትቀመጪው» አለ። መቀመጥ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አሁን ገና ፈቀደላት።

በማግስቱ የልጅቷ ባል ሽጉጥ ተመረመረ። በዚያ ጠዋት ከነጥይቱ በወገቡ ላይ፣ ባንኩ በር ላይ እንደነበር አርባ ሰው መሰከረ። «እንግዲያው ከሌላ አግኝታ ይሆናል» አለ ኢንስፔክተሩ። የትኛው መሣሪያ እንደተኮሰ የሚለየው ጥይት ደግሞ አልተገኘም። ሰውየውን በስቶ ወጥቷል፣ ግድግዳውን ሁሉ ፈተሹ፣ የለም። ማንም የሚሸተውን ክምር ለመግለጥ አልፈለገም።

ፈታሿ ወደ ጣቢያ ሄደች። ልጅቷን በፍርግርግ በኩል አገኘቻት።

«አክስቴ፣ እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። እጅሽን አሳዪኝ።»

ልጅቷ እጇን ዘረጋች። መሐሉ ከሰል የመሰለ ጥቁር ቁስል ነው፤ ዙሪያው እስከ ክርኗ አብጧል።

«ያምሻል?»

«ምንም አያመኝም። ይኸው ብጫነውም።»

የማያም ቁስል። ፈታሿ ልጅ ሳለች አጎቷ የሞተ በሬ ገፎ እንዲህ ያለ ቁስል ወጣበት፤ አያመኝም እያለ ሲስቅ ሰነበተና በሳምንቱ ተቀበረ። አባ ሰንጋ። በበሽታ የሞተ ከብት ቆዳ። ጓንት አጥልቆ የማያውቀው ሰው ለምን እንዳጠለቀ፣ ልጅቷንም ለምን ጮኾ እንዳስወጣት በአንድ ጊዜ ገባት። ሰውየው አላባረራትም፤ ሊያድናት ነበር። ያን ቆዳ ያመጣው ደግሞ ማን እንደሆነ በር ላይ የምትቀመጥ ሴት አይጠፋትም።

ስለ ሽጉጡም የምታውቀው ነገር ነበራት። እሱን ለመናገር በመጀመሪያ ከአሥር አለቃ ጋር መነጋገር ነበረባት። ሮጣ ተመለሰች፤ በሷ ዕድሜ መሮጥ ከተባለ።

«ልነግራቸው ነው» አለችው።

«ምኑን?»

«ሣጥኑን መክፈቴን።»

አሥር አለቃ ፊቱ አመድ ሆነ። ሐኪም የዓይን ጠብታዋን ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪ ስላላት፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ሥር ካለው የመሣሪያ ሣጥን የበለጠ ቀዝቃዛ ቦታ በር ላይ ስላልነበረ፣ ትርፉን ቁልፍ እሱ ነበር የሰጣት። ደንቡ ሣጥኑን ከአሥር አለቃ በቀር የሚነካ እንዳይኖር ይላል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጡረታዬ ሦስት ወር ነው የቀረው።»

«የልጅቷ ስንት ቀን እንደቀራት ታውቃለህ? እኔም አላውቅም። ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ። ቆዳ አቅራቢው ሽጉጡን ከሰጠህ በኋላ ዘንጉን አሳለፍክበት?»

አሥር አለቃ ጫማውን አየ። «መሣሪያውን በገዛ እጁ ያስረከበን የተከበረ ሰው ደግሞ ምን ብዬ እፈትሸዋለሁ? ነውር አይሆንም?»

«ነውርህ ሰው ገደለ» አለችውና ወጣች።

ኢንስፔክተሩ ቢሮ ጠረጴዛው ላይ ክምር ወረቀት ነበር። ወንበር እስኪሰጣት አልጠበቀችም፤ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ብረት ያልበዋል?»

«ምን?»

«ሽጉጥ። ያልበዋል ወይ?»

«እናቴ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ። በዚያን ቀን፣ ሰውየው ገብቶ ሳለ፣ ሣጥኑን ከፍቼ ጠብታዬን ላወጣ ስል ብልቃጡ ከሦስት ቁጥር አፎት ሥር ገባብኝ። አፎቱን አነሳሁት። ሥሩ ርሷል። ጣቴን ላስኩት፤ ጨው ነው። የሰውየው ላብ ነው ብዬ ቀሚሴ ላይ ጠረግሁት። አፎት በላብ የሚርሰው ግን ሰው ሲታጠቀው ነው፤ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚረጥብ ላብ የት አለ? እዚያ አፎት ውስጥ ብረት አልነበረም ልጄ። በእርጥብ ቆዳ የተጠቀለለ የጨው ድንጋይ ነበር። ቆዳ ነጋዴ ሌላ ምን አለው? ክብደቱ ሽጉጥ ያክላል፤ አሥር አለቃም አይከፍተውም። ሽጉጡ በኮቱ ሥር ገባ።»

ኢንስፔክተሩ ጉሮሮውን ሊጠርግ ጀመረና ተወው።

«ለምን ትናንት አልነገሩኝም?»

«ሣጥኑን መክፈቴ ከታወቀ ከሥራ እባረራለሁ። ትናንት ፈራሁ። ደግሞ ጠይቀኸኝ ነበር? ዓይንዎን ያምዎታል ነው ያልከኝ።»

«ለምን ይገድለዋል?»

ስለ ጓንቱ ነገረችው፣ ስለ ቁስሉ ነገረችው። ተነስቶ ወደ እስር ቤቱ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር፤ በእጁ ስልክ ይዞ ከሐኪም ቤት አምቡላንስ እያዘዘ ነው። ከዚያ ወደ እንስሳት ጤና ቢሮ ደወለ። እዚያ የሚሠራ ሰው ተቆጣጣሪው ከአንድ ወር በፊት ደውሎ ስለ ቆዳዎቹ መጠየቁን፣ በሞተበት ዕለትም ከሰዓት በኋላ ናሙና ይዞ ሊመጣ ቀጠሮ እንደነበረው ነገረው። ወር። በሬው በግ ከሆነ ስንት ነው? ወር።

«ቃልዎን ልጻፍ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሣጥኑን መክፈትዎንም መጻፍ አለብኝ።»

«ጻፈው። ጻፍና መልሰህ አንብብልኝ፤ አንተ የጨመርከውን እሰማለሁ።»

አነበበላት። አንድ ቦታ አረመችው።

ሣጥኑ በዚያው ከሰዓት ተከፈተ። በሦስት ቁጥር ቦታ፣ በተነጠፈው ሱፍ ላይ፣ ውኃው ደርቆ ነጭ ቀለበት ሠርቷል፤ ከቀለበቱ ውስጥ ሁለት የከብት ፀጉር ተጣብቋል። ኢንስፔክተሩ በመቆንጠጫ ለቀማቸው። ይህ ብቻውን ግን ሰው አያሳስርም። ጥይቱ ያስፈልጋል፣ ሽጉጡም ያስፈልጋል።

«ነገ ይመጣል» አለች ፈታሿ። «ክምሩን ሳያነሳ አይተኛም። ጥራቱ ስለተጠረጠረ ልውሰደው ብሎ ለባለፋብሪካው ደውሏል።»

እውነትም በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጭነት መኪናው የውጭውን በር አልፎ መፈተሻው ፊት ቆመ። ቆዳ አቅራቢው ኮቱን አስተካክሎ ወረደ፤ ፈገግታው ከሱ ቀድሞ ደረሰ። ኢንስፔክተሩ ከፈታሿ ጋር መጋረጃው ውስጥ ነበር፤ ጠባብ ስለሆነ ትንፋሹ ጆሮዋን ይነካል። ሁለት ፖሊሶች ጓንትና ጭምብል አጥልቀው ከንጋት ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ናቸው።

«እንዴት አደርክ አሥር አለቃ? ያው ደንባችሁ ደንብ ነው» አለ ቆዳ አቅራቢው፤ አፎቱን ከቀበቶው ፈትቶ ዘረጋ።

አሥር አለቃ አልተቀበለም። «ይክፈቱት።»

«ምን?»

«ከፍተው ያሳዩኝ።»

«ደንቡ አይልም እኮ። ተቆልፎ ነው የሚለው። ስድስት ወር አስተማራችሁኝ፤ ስማር ደግሞ ልትለውጡት ነው?»

«እኔ እከፍተዋለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ መጋረጃውን ገልጦ።

ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ሊከለክል ግን አልቻለም። የአፎቱ ቁልፍ ጠቅ አለ። ሽጉጡ ወጣ። ወርሶ ያወለወለው፣ በየሰርጉ የሚያሳየው ነበር ይባላል፤ አሁን አፈሙዙ ዙሪያ ቡናማ ዝገት ወራሽ እንዳጣ እርሻ ወርሶታል። ኢንስፔክተሩ አፎቱን በወረቀት ላይ ገልብጦ መታ መታ አደረገው። ከስፌቱ ውስጥ ነጭ ፍርፋሪ ረገፈ።

«ጨው» አለ።

«ቆዳ ነጋዴ ነኝ ጌታዬ» አለ ሰውየው፤ ፈገግታው ገና አልወረደም። «ኪሴን ቢገለብጡት ጨው ነው። ጫማዬን ቢገለብጡት ጨው ነው።»

«ኪስዎን ትተን አፎትዎን እንነጋገር። በዚያ ቀን ሣጥን ውስጥ የቆለፉት ምን ነበር?»

«ሽጉጤን። አሥር አለቃ ምስክር ነው።»

«አሥር አለቃ ያየው አፎት ነው» አለች ፈታሿ ከመጋረጃው እየወጣች። «አፎቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ቆዳ አቅራቢው አያት፤ ምናልባት በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። «ይቺ መሃይም አሮጊት ናት ምስክሩ?»

«አዎ» አለ ኢንስፔክተሩ። «የኔ ምስክር ይቺ ናት።»

በዚህ ጊዜ ከመጋዘኑ አንዱ ፖሊስ ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ እየሮጠ መጣ። በትንሽ ከረጢት የተጨማደደ ጥይት ይዟል። «ከሰባተኛው ቆዳ እጥፋት ውስጥ አገኘነው። መጠኑ ከዚህ ሽጉጥ ጋር አንድ ነው።»

ፈገግታው ያኔ ወረደ። ሰውየው ክንዱን አወናጭፎ ኢንስፔክተሩን ገፋውና ወደ መኪናው ሮጠ። አንድ እግሩን አሳፍሮ «ንዳ» አለው ሾፌሩን። መኪናው ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ሲል ግን ከኋላው ያለው የውጭ በር ድምፁን ለቀቀ። ፈታሿ ያን ወገቧን የሚያክል መቀርቀሪያ በሁለት እጇ ገፍታ ዘግታዋለች። በርን መዝጋት የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም። ሾፌሩ ወደ መቀርቀሪያው አየ፣ ወደ ፖሊሱ ሽጉጥ አየ፣ ሞተሩን አጠፋና እጁን አነሳ። ጌታው ግን ከደረጃው ላይ ተጎትቶ ነው የወረደው።

«ፈቃድ አለኝ» ይል ነበር ካቴናው ሲገባለት። «ሕጉ ፈቅዶልኛል።»

«መንገድ ላይ» አለ ኢንስፔክተሩ። «እዚህ ደብቀው የገቡት ባለቤቱ በከለከለው ግቢ ነው። እሱ ግን የጥፋትዎ ትንሹ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ተናዘዘ። ሟቹ ቆዳዎቹን ከየት እንዳመጣ ሲጠይቀው፣ በወረርሽኝ ከወደቀ መንጋ በድብቅ እንደገፈፈ ሊታወቅበት ሆነ። ያን ጊዜ ነው ለአሥር አለቃ ጨዋ መሆን የጀመረው፤ ደንቡን ሲጠላ የኖረ ሰው ደንቡን መሸሸጊያ ሊያደርገው ተማረ። ሰዎች ሽጉጡን ሰጠ ብለው ሌላውን ነገር ሁሉ እንደሚያምኑት አወቀ።

ልጅቷ ሐኪም ቤት ናት። መድኃኒቱ ደርሶላታል። ዶክተሩ «ሁለት ቀን ብትዘገዩ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ኢንስፔክተሩ በእጁ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት ሄዶ ነበር አሉ። ይሂድ፤ ካቴናውንም እሱ ነው ያሰረው።

በሚቀጥለው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፈታሿ ቦታዋ ላይ ነበረች። የመጋዘኑ ጨው ነስናሾች አሥራ አንዱም በሩ ላይ ተሰብስበዋል፤ ባለፋብሪካው ፖሊስ የሸፈነውን ክምር ወደ ጎን አድርጋችሁ ሥራ ጀምሩ ብሎ አስጠርቷቸዋል። እሱም መኪናውን አቁሞ ወረደ። በእጁ የታጠፈ ወረቀት አለ።

«ይሄን ያዢ» አላት። «ያደረግሽውን አልክድም። ግን ሣጥኑን ከፍተሻል፤ በቃልሽ አስመዝግበሻል። ደንብ ደንብ ነው። ለአሥር አለቃም የስንብት ወረቀቱ ተሰጥቶታል።»

ወረቀቱን አልተቀበለችም። ወደ ሴቶቹ ዞረች። «እጃችሁን አሳዩኝ» አለች። አንድ በአንድ ዘረጉ። ስድስተኛዋ አውራ ጣቷ ላይ፣ ዘጠነኛዋ አንጓዋ ላይ፣ ትንሽ እንደ ቁንጫ ንክሻ የመሰለች ነገር አለች።

«ያምሻል?» አለቻት ስድስተኛዋን።

«አይ፣ ምንም አያመኝም እትዬ።»

ፈታሿ ቁልፍ ከአንገቷ አወጣች፤ አሥር አለቃ ተሰናብቶ ሲሄድ የሰጣትን የበሩን ቁልፍ። ቆለፈችው፣ ከውጭ በኩል፣ ሴቶቹም እሷም ባለፋብሪካውም ውጭ እንዳሉ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ግቢው የኔ ነው» አለ ባለፋብሪካው።

«ያንተ ነው። እጁ ግን የነሱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ይዤልሃለሁ፤ ሽጉጥ አይገባም ያልከው አንተ ነህ፤ ዛሬ ደግሞ እነዚህ አይገቡም የምልህ እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ መልሳ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። «እሱን በኋላ ታነብልኛለህ። አሁን መኪናህን አዙርና ሐኪሙን ይዘህ ና። አሥራ አንዱንም እዚሁ፣ እኔ እያየሁ ይመርምራቸው። እስከዚያ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ሂድ።»